ፒሎኒዳል ሳይነስ፦ የሚመላለሰውን የመቀመጫ ቁስል ከሥሩ ማከም

መጀመሪያ ከጭራ አጥንት ላይ፣ ሁለቱ መቀመጫዎች በሚለያዩበት ስንጥቅ፣ ጠንከር ያለ እብጠት ይወጣል። በማግስቱ መቀመጥ ጭንቅ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ይጠዘጥዛል። ከዚያ ወይ በራሱ ፈንድቶ የውስጥ ልብስ ያበላሻል፣ ወይ ሐኪም ከፍቶ መግሉን ያወጣዋል። ሕመሙ በአንድ ጊዜ ስለሚቀል "ዳነ" ይባላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን እዚያው ቦታ ላይ፣ ወይም ትንሽ ወደ ጎን ብሎ፣ እንደገና ያብጣል።

ይህ መመላለስ የክፉ ዕድል ጉዳይ አይደለም። የንጽሕና ጉድለትም አይደለም፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠብን ሰው ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋርም አይገናኝም። ስለዚህ ለሐኪም ለማሳየት የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ አፍሮ መደበቅ ግን መግሉ ከቆዳ ሥር የሚቆፍረውን ቦይ ያረዝመዋል። በሽታውን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፀጉርና የስንጥቁ ጥልቀት። መግሉ የነዚህ ውጤት ነው፤ መግሉን ብቻ ማከም ምክንያቱን እዚያው መተው ነው።

ከቆዳው ሥር ያለው

"ፒሎኒዳል" የሚለውን ስም በ1880 ሆጅስ የተባለ ሐኪም ያወጣለት ሲሆን፣ "ፀጉር" እና "ጎጆ" ከሚሉ የላቲን ቃላት የተገጠመ ነው። ስሙ ይገባዋል፤ ቦዩ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ፀጉር ከመግሉ ጋር ይወጣል። ከልደት የመጣ ጉድለት ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ በሽታ ሆስፒታል ገቡ። ብዙዎቹ በጂፕ ላይ ሲንገጫገጩ የሚውሉ ስለነበሩም "የጂፕ በሽታ" የሚል ቅጽል ወጣለት።

ዛሬ አብዛኛው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሚቀበለው እንዲህ ነው። ከራስ፣ ከጀርባና ከመቀመጫ የሚረግፍ ፀጉር ወደ ስንጥቁ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። አንዲት ፀጉር በማይክሮስኮፕ ስትታይ ላይዋ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ቅርፊቶቹ ሁሉ ወደ ጫፏ ያዘነብላሉ። በሥሯ በኩል ቆዳ ውስጥ የገባች ፀጉር ስለዚህ ወደፊት በቀላሉ ትንሸራተታለች፤ ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል ቅርፊቶቹ ይይዟታል። ሰው ሲቀመጥ፣ ሲነሣና ሲራመድ ሁለቱ መቀመጫዎች ይፋተጋሉ፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴም ፀጉሯን ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይነዳታል። በመቀስ ወይም በማሽን የተቆረጠ አጭር ፀጉር ደግሞ ጫፉ ስለታም ስለሆነ ሥር ባይኖረውም ቆዳ ይወጋል። ፀጉር አስተካካዮች አንዳንድ ጊዜ ይኸው በሽታ በጣቶቻቸው መካከል ይወጣባቸዋል፤ የወጋቸው ፀጉር የደንበኛ ነው። ፀጉሩ የግድ የራስ፣ የግድም እዚያው የበቀለ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ሰውነት የገባበትን ፀጉር እንደ እሾህ ይቆጥረዋል። ሊያወጣው ይታገላል፣ ዙሪያው ይቆስላል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ መግል ይቋጠራል። መግሉ መውጫ ሲፈልግ ከቆዳ በታች ቦይ ቆፍሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይና ወደ አንድ ጎን ሄዶ ይፈነዳል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ፤ ልዩነታቸውን መያዝ ሕክምናውን ለመረዳት ግማሽ መንገድ ነው። አንደኛው ዓይነት በስንጥቁ መሐል መስመር ላይ ልክ በመርፌ እንደተወጋ ሆኖ ይታያል፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ አያምም፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ፀጉር ብቅ ይልበታል። የበሽታው መግቢያ ይህ ነው። ሁለተኛው ከመሐል መስመር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው፣ ቀላ ያለ እርጥብ ሥጋ ያበጠበት፣ መግልና ደም የሚያወጣው ነው። ታማሚው የሚያየውና የሚያክመው ይህንን ሁለተኛውን ነው። እሱ ግን መውጫ ብቻ ነው።

በሽታው ከጉርምስና እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ ከ40 በኋላ እንደ አዲስ መጀመሩ ብርቅ ነው። ወንዶችን ከሴቶች በሦስት እጥፍ ገደማ ይይዛል። ፀጉራቸው ወፍራም ወይም ጥቅል የሆነ፣ ስንጥቃቸው ጥልቅ የሆነ፣ ክብደት የጨመሩ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገምበት ጊዜም አለ።

ሌላ በሽታ እንዳይሆን

በጎን ተኝተው፣ አንድ የሚያምኑት ሰው ከላይ ያለውን መቀመጫ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ በጥሩ ብርሃን በስልክ ፎቶ ያንሣልዎት። መሐል መስመሩ ላይ እነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሉ ነገሩ ፒሎኒዳል የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ምርመራው በሐኪም ዓይንና ጣት የሚያልቅ ነው፤ ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ከፊንጢጣ ፊስቱላ መለየት ሲያዳግት ወይም በሽታው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተወሳስቦ ሲመለስ ነው።

የፊንጢጣ ፊስቱላ ቀዳዳው ወደ ፊንጢጣ የቀረበ ሲሆን ቦዩ ከአንጀቱ ውስጥ ይነሣል። ብጉንጅ መሐል ላይ ቀዳዳ የለውም፤ አንዴ ከዳነም ብዙውን ጊዜ እዚያው አይመለስም። በብብትና በብሽሽትም ተመሳሳይ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ካሉ ሐኪሙ ሂድራደናይቲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ ያስባል። ለረጅም ጊዜ ተቅማጥ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ሌሊት ማላብ አብሮ ካለ ክሮንስ የተባለው የአንጀት በሽታ ወይም የሳምባ ነቀርሳ (ቲቢ) መመርመር አለበት። ኪንታሮት ደግሞ ፊንጢጣው ላይ ነው እንጂ ከጭራ አጥንት ላይ አይወጣም፤ የኪንታሮት ቅባት እዚህ ቦታ ላይ ምንም አይሠራም።

መግል ሲቋጥር

እብጠቱ ትኩስ፣ ቀይና የሚነዝር ከሆነ መግል ቋጥሯል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እስከዚያው፦

ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10–15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያኑሩበት። ውኃው የሚያቃጥል አይሁን፤ ያበጠ ቆዳ ቶሎ ይጎዳል። አዋቂ ሰው ፓራሲታሞል 1000 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ግን መጠኑን መቀነስ ስላለበት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር በቀን እስከ ሦስት ጊዜ መውሰድም ይረዳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት በሽታ ያለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ግን አይውሰዱት።

አይጭመቁት፣ በመርፌ አይውጉት። ሲጨመቅ መግሉ ወደ ውጭ እንደሚወጣው ሁሉ ወደ ጎንም ይገፋና አዲስ ቦይ ይከፍታል።

በቤት የቀረ አንቲባዮቲክ መዋጥ የተለመደው ስሕተት ነው። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ በተቋጠረ መግል መካከል ደግሞ የደም ሥር የለም። ፀጉሩንም የሚያሟሟ አንቲባዮቲክ የለም። ለዚህ ነው እብጠቱ በኪኒን ጋብ ብሎ ኪኒኑ ሲያልቅ የሚመለሰው። አንቲባዮቲክ ቦታ የሚኖረው ቅላቱ በቆዳው ላይ እየሰፋ ሲሄድ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ወይም ታማሚው ስኳር ያለበት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሲሆን ነው፤ ያኔም መግሉን ከማውጣት ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም።

ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ይከፍተዋል። ያበጠ ሥጋ ማደንዘዣን በደንብ ስለማይቀበል መርፌው ያማል፣ ድንዛዜውም ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ እብጠቱ ትልቅ ከሆነ በሙሉ ማደንዘዣ እንዲሠራልዎ መጠየቅ ያስኬዳል። አቆራረጡ ከመሐል መስመሩ ወደ ጎን ራቅ ማለት አለበት። በስንጥቁ መሐል የተቀደደ ቁስል ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ በተቀመጡ ቁጥር ይለጠጣል፣ ፀጉርም ይገባበታል፤ ስለዚህ ለመሻር እጅግ ይዘገያል። መግሉና ፀጉሩ ከወጣ በኋላ ቁስሉ ክፍት ይተዋል፤ ጎዝ ጠቅጥቆ መሙላት አያስፈልግም፣ ላላ ብሎ የተቀመጠ ይበቃል። ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል፤ ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ይዘጋል።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በፍጥነት የሚሰፋ ቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የአእምሮ መደናገር ካለ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጋብ ሲል ምን ይደረግ?

ከተከፈቱት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት አንዴ ከዳኑ በኋላ አይመለስባቸውም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያበጠ ሁሉ ለትልቅ ቀዶ ሕክምና መቸኮል የለበትም። ምንም ስሜት የማይሰጡ፣ በአጋጣሚ የታዩ ቀዳዳዎችም አይቆረጡም። ለነዚህ ሰዎች ሕክምናው ፀጉርን ማራቅ ነው።

ፀጉሩ ከወገብ በታች ጀምሮ ስንጥቁን ይዞ እስከ ፊንጢጣ አቅራቢያ፣ ወደ ግራና ቀኝም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሣል። በምላጭ ከሆነ ሌላ ሰው ቢሠራው ይሻላል፤ ራስን በመስታወት መላጨት ቆዳ ይቆርጣል፣ የተቆረጠ ቆዳ ደግሞ ለፀጉር በር ነው። መቁረጫ ማሽን ለቆዳው የዋህ ነው። ፀጉር የሚያሟሟ ክሬም ከመጠቀምዎ በፊት ትንሽ ክንድዎ ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ በተከፈተ ቁስል ላይ ፈጽሞ አይቀባ፣ ፊንጢጣንም አይንካ። ብዙ ዓመት መላጨት ይልቁንስ ፀጉርን እያሰለ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል የሚጠቁሙ መረጃዎች ስላሉ፣ ለዘለቄታው የተሻለው በሌዘር ማስነሣት ነው። ሌዘር በየ4–8 ሳምንቱ ለበርካታ ዙር ይደረጋል። ጥቁር ቆዳ ላላቸው ሰዎች ኤንዲ ያግ የተባለው የሌዘር ዓይነት ቆዳን የማቃጠል አደጋው አነስተኛ ነው፤ ይህን ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። ሽበት ላይ ሌዘር አይሠራም።

ቀዶ ሕክምናውን መምረጥ

እየተመላለሰ የሚያብጥ ወይም መግል ማውጣቱን ያላቆመ ከሆነ ቦዩ ራሱ መታከም አለበት። ዘዴው ብዙ ነው፤ ሐኪሞችም አይስማሙበትም። ታማሚው ግን አንድ ጥያቄ ቢይዝ ይበቃዋል፦ "ጠባሳው የት ላይ ያርፋል?" መልሱ "ስንጥቁ መሐል" ከሆነ ሌላ አማራጭ እንዲነገርዎ ይጠይቁ።

ከትንሹ እንጀምር። ባስኮም የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1980ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ መሐል ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ነቅሎ፣ ቦዩን በጎን በኩል ማጽዳት ነው። በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፣ ታማሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፣ በጥቂት ቀናት ሥራው ላይ ይሆናል። የመመለስ ዕድሉ ከትልልቆቹ ይበልጣል፤ ግን ሊደገም ይችላል፣ ቢከሽፍም ያበላሸው ነገር ትንሽ ነው። ቀዳዳው ጥቂት ለሆነ ሰው መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ይኸኛው ይመስለናል። ቦዩን በፌኖል ማቃጠል፣ በቀጭን ካሜራ ገብቶ ማጽዳት ወይም ከውስጥ በሌዘር መተኮስም በዚሁ ረድፍ ናቸው። ፌኖል ቆዳን ክፉኛ የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሆነ በሐኪም እጅ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው የታመመውን ሥጋ በሙሉ ቆርጦ ቁስሉን ክፍት መተው ነው። ከሥር ሥጋ እየሞላ ይመጣል፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቁስሉን በየቀኑ የሚያጥብለትና በጎዝ የሚሸፍንለት ሰው ለሌለው ከባድ ነው።

ሦስተኛው ቆርጦ እዚያው መሐል ላይ መስፋት ነው። ቀላልና ፈጣን ስለሚመስል አሁንም በብዙ ቦታ ይሠራል። ችግሩ የተሰፋው መስመር በሽታው በተወለደበት ጥልቅ፣ እርጥብ ስንጥቅ ውስጥ ማረፉ ነው፤ ስፌቱ ይበተናል፣ ያመረቅዛል፣ ጠባሳው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይከፈታል። ተነጻጽረው የተጠኑት ሥራዎች ሲደመሩ የሚሉት ግልጽ ነው፤ የሚሰፋ ከሆነ ከመሐል መስመር ውጭ ይሰፋ።

ከመሐል ውጭ ከሚሰፉት ውስጥ የግሪክ ጦር ሐኪም የነበረው ካሪዳኪስ ያወጣው ዘዴ ይታወቃል፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ ሠርቶት በሽታው የተመለሰባቸው 1 በመቶ አካባቢ እንደሆኑ ዘግቧል። የባስኮም ሁለተኛው ዘዴም፣ የስንጥቅ ማንሣት የሚባለው፣ ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ከአንድ ጎን ቆዳ አንሥተው ወደ ሌላው ጎን ያሻግራሉ፤ ስፌቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ስንጥቁም ጥልቀቱን ያጣል። ፀጉር የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ራሱ ይደለደላል ማለት ነው። ሊምበርግ የሚባለው ደግሞ የታመመውን ሥጋ በሰያፍ አራት ማዕዘን ቆርጦ በአጠገቡ ባለ ቆዳና ስብ ይሞላዋል። ጥሩ ውጤት አለው፤ ጠባሳው ግን ጎልቶ ይታያል፣ ቆዳውም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል።

ሐኪምዎን ይህን ዘዴ በምን ያህል ሰው ላይ እንደሠራ፣ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ይገባ እንደሆነ፣ ስፌቱ ቢከፈት ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ። የሚያጨሱ ከሆነ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የተሻገረው ቆዳ ደም ያጣል።

ክፍት ቁስልን መንከባከብ

ብዙ ጥሩ ቀዶ ሕክምና የሚበላሸው ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ቁስሉን የሚሸፍንልዎት ሰውም ያንብበው።

በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከተጸዳዱም በኋላ፣ የቁስሉን መሸፈኛ አንሥተው በገላ መታጠቢያ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ያፍስሱበት። ጎዙ ከተጣበቀ አይመንጭቁት፤ ውኃ እየፈሰሰበት ራሱ ይላቀቃል። ቧንቧ ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሙተው በንጹሕ ዕቃ ያፍስሱ። ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ፣ አልኮልና በየቀኑ የሚፈስ አዮዲን ባክቴሪያን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚያድገውን ሥጋም ይገድላሉ። ዙሪያውን አድርቀው፣ የረጠበ ጎዝ ወይም አልጂኔት (ፈሳሽ የሚመጥ የቁስል መሸፈኛ) እስከ ቁስሉ ወለል ድረስ ሳይጨናነቅ ያስገቡ፤ ከላይ ደረቅ ጎዝ።

በየሳምንቱ የቁስሉን ርዝመትና ጥልቀት ይመዝግቡ፣ ፎቶም ያንሡ። የሚፈለገው ከሥር ወደ ላይ፣ ፍም መስሎ፣ በጥቃቅን ቅንጣት እየሞላ የሚመጣ ሥጋ ነው። ሲነካ ትንሽ ደም ማዠቱ ደህና ነው፤ ደሙ ካልቆመ ንጹሕ ጎዝ አድርገው ሳይገልጡ 10–15 ደቂቃ ይጫኑት፣ ካልቆመም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ቢጫ ስስ ሽፋንም ሁልጊዜ መግል አይደለም።

መጠንቀቅ ያለብዎት ጠርዙ ከላይ ቀድሞ ሲገጥም ነው። ከውጭ ሲያዩት የዳነ ይመስላል፣ ታማሚውም ደስ ይለዋል፤ ከሥር ግን ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ እሱም መግል ይሞላል። ለዚህ ነው ጎዙ እስከ ወለሉ የሚደርሰው። ሌላው ደግሞ ሥጋው ከቆዳው በላይ አብጦ ሲወጣ ነው፤ ቆዳ ሊሻገርበት ስለማይችል ነርስ ወይም ሐኪም በሲልቨር ናይትሬት ይተኩሰዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልኩ ያልቀነሰ ቁስል ውስጥ ብዙ ጊዜ ፀጉር ይገኛል፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ያስነሡ፣ ውስጥ የገባ ካዩም በንጹሕ ወረንጦ እንዲወጣ ያድርጉ።

ከተሰፋ

ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ከ10–14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ በጎን ወይም በሆድ ይተኙ። ሲቀመጡ በሁለቱም መቀመጫ ላይ ቀጥ ብለው ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ወደ ኋላ ተንጋልሎ መቀመጥ ክብደቱን ስፌቱ ላይ ያሳርፈዋል። ለሁለት ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ ቁጢጥ ማለትና ረጅም ጉዞ ይቅር። ቆዳ የተሻገረላቸው ሰዎች ለብስክሌት 6 ሳምንት ያህል ይጠብቁ። ማማጥ ስፌቱን ስለሚወጥር ውኃና አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ ያብዙ፣ ሆድ የሚያደርቀው ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ከተሰጠዎት ደግሞ የሰገራ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ከሳምንት በኋላ ሕመሙ መቀነሱን ትቶ ከጨመረ፣ ስፌቱ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካወጣ ወይም አንድ ቦታ ከተከፈተ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ።

ለብዙ ዓመታት ሳይታከም የሚፈስ ቁስል አልፎ አልፎ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ብርቅ ነው፤ ሆኖም የቆየ ቁስል ጠርዙ ከጠጠረ፣ እንደ አበባ ጎመን ከፈካ ወይም በቀላሉ ከደማ ናሙና ይወሰድለት።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ በወር አንድ ጊዜ በፎቶ ይፈትሹት። ፀጉር በተቆረጡ ቀን ከመቀመጥዎና ከመተኛትዎ በፊት ይታጠቡ፤ አንገትና ጀርባ ላይ የቀረው ድቃቂ ፀጉር ከላብ ጋር የሚወርደው ወደ ስንጥቁ ነው። ሲታጠቡ ውኃው ከጀርባ ወርዶ በስንጥቁ ውስጥ እንዲያልፍ ያድርጉ፣ በጣትዎም መሐል መስመሩን ይጥረጉት፤ የለበሱትን ሸሚዝና የውስጥ ልብስም ሳያራግፉ መልሰው አይልበሱ።